በፔሩጂያ ጣሊያንኛ ላስተማሩኝ መምህርት ምስጋና፣ ለአዲስ ተማሪዎችም ጥቆማ

በጣሊያን አገር የዲግሪ ትምህርት ለመጀመር የሚጠየቀውን የቋንቋ ደረጃ ያገኘሁት በፔሩጂያ የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ ተምሬ በመሆኑ፣ እዚያ ቋንቋውንና ባህሉን ላስተማሩኝ መምህርት በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ፣ ለዚሁ ጉዳይ ጥሩ ቦታ ለሚያፈላልጉ ወገኖቼም ተቋሙን መጠቆም እወዳለሁ። የመምህርቷን ስም የማልጠቅሰው ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ብቻ ነው።

ይህ ተቋም ለውጭ አገር ሰዎች ኮርስ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን፣ በ1925 ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ፓላዞ ጋሌንጋ የተባለው ዋና ሕንጻው ከሮማውያን በፊት በአካባቢው በኖሩት በኤትሩስካውያን ዘመን በተሠራው ጥንታዊ የከተማ በር አጠገብ ይገኛል። ከተማዋ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ናትና ለዳገቱ ጥሩ ጫማ መያዝ ያስፈልጋል።

መምህርቷን ካገኘኋቸው ሌሎች አስተማሪዎች የሚለያቸው፣ ስህተት ሲያዩ አርመው ከማለፍ ይልቅ ከየት እንደመጣ መመርመራቸው ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስንናገር የሚጠብቀውን ድምፅ አጥብቀን፣ የሚላላውን አላልተን እንጠራለን፤ ስንጽፍ ግን ድርብ መሆን የሚገባውን ፊደል ነጠላ እናደርገዋለን። በጣሊያንኛ አካፋና ኳስ የሚለዩት በአንዲት «ኤሌ» ፊደል ሲሆን፣ በእኛ ፊደል ብንጽፋቸው ሁለቱም «ፓላ» ናቸው። መምህርቷ ይህን ሲያስተውሉ የአማርኛን አጻጻፍ ሰሌዳው ላይ እንድናሳያቸው ጠየቁን፤ ፊደላችን ጥብቀትን እንደማያመለክት ከተረዱም በኋላ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ድምፅ አወጣጥ ሲለማመዱ ለእኛ የቃል ጽሕፈት ይሰጡን ጀመር። ጆሯችን ደህና እንደሆነ፣ መልመድ ያለበት እጃችን እንደሆነ የነገረን ሌላ መምህር አልነበረም። በአንጻሩ ብዙዎችን የሚያስቸግረው የአክብሮት አነጋገር ለእኛ ቀላል ነበር፤ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ለይቶ ያደገ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅምና። «ኮንጁንቲቮ» የተባለው የግስ እርባታ ግን ለማንም አልራራም።

የባህሉ ትምህርት በምግብና በሥዕል ብቻ ቢወሰን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ባልተነሣሁ ነበር። አንድ ቀን መምህርቷ የሮምን ካርታ ዘርግተው፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለውን «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» አመለከቱና አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቁ። ክፍሉ ዝም ሲል፣ ስያሜው እ.ኤ.አ. በጥር 1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ መሆኑን ራሳቸው አስረዱ። ከዚያ ተነሥተው ስለ ዓድዋ፣ ስለ መርዝ ጋዙ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ እንዲሁም በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 ስለተመለሰው የአክሱም ሐውልት ሳይሸፋፍኑ አስተማሩ። ወደ እኛ ዞረው «እስቲ እናንተ ንገሩን» አለማለታቸውን ከሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ፤ የአገራቸውን ድርጊት የማስረዳቱን ሸክም ራሳቸው ተሸክመው፣ መናገር ለፈለገ ግን ዕድሉን ሰጡ። እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልኝ፣ መምህርቴ።

ቦታውን የምጠቁመው በተለይ በጣሊያንኛ የሚሰጥ የዲግሪ ትምህርት ለመከታተል ላሰቡ ነው፤ ለእነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ደረጃ፣ ከኤ1 ተነሥቶ እስከ ሲ2 በሚደርሰው የአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ፣ ቢ2 ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ከሚያዘጋጃቸው «ቼሊ» ከተባሉት የጣሊያንኛ ችሎታ ፈተናዎች ለዚህ ደረጃ የሚሆነው «ቼሊ 3» ነው። አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ያሉ እህቶቻችንም ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ለረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ኤ2፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ለዜግነት ማመልከቻ ቢ1 ይጠየቃልና። ኮርሱ ሲጀመር በሚሰጠው የደረጃ መለያ ፈተና ላይ ከጓደኛ ሳትኮርጁ የምታውቁትን ብቻ ሥሩ፤ ከአቅም በላይ የሆነ ክፍል ውስጥ የገባ ተማሪ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያባክናል።