ጢያ ሂዱ፤ የመኪናውን ዋጋ ግን ቀድማችሁ ቁረጡ

የጢያን ትክል ድንጋዮች ሳታዩ እንዳትመለሱ። ይህን አስቀድሜ የምለው ቀጥሎ የማማርረው ስለ መኪናው ስለሆነ ነው።

ከአክስቴ ጋር ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ልንሄድ በሰው በሰው መኪና ከነሾፌሩ ተከራየን። ማታ በስልክ ተስማማን። ነዳጅ በእሱ፣ ጢያንና ከዓለት የተፈለፈለችውን የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አይተን ሳይመሽ ቤት መግባት። ጠዋት 12 ሰዓት እመጣለሁ ያለው ሰውዬ የመጣው 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። «የነዳጅ ሰልፍ ይዞኝ ነው እህቴ።» እሺ፣ ሰልፉን እኛም አይተነዋል። ግን አንድ ስልክ መደወል ምን ነበረበት?

ዓለም ገናን እንዳለፍን «ነዳጁን ከጥቁር ገበያ ነው የገዛሁት፣ ልዩነቱን ትጨምራላችሁ» አለ። ዝም አልን። መልካ ቁንጥሬ ስንደርስ ደግሞ አዳዲ ማርያም ለብቻው ይታሰባል ተባለ። አክስቴ «ልጄ፣ ማታ እንዲህ ነበር ያልከን?» ብትለው «እማማ፣ እሷ እኮ የምትሠራው በዶላር ነው» አላት። እዚህ ላይ ነደድኩ። ዶላሩን የማገኘው ቨርጂኒያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ቆሜ አረጋውያን እየተንከባከብኩ ነው። እዚያ መኪና ስጠራ ዋጋውን ሳልሳፈር አውቀዋለሁ። አዲስ አበባም በራይድ እንደዚያው ነው። ጣጣው ከከተማ ሲወጣ ነው።

ጢያ በር ላይ ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ አሳይቼ እንደ አገር ሰው ከፈልኩ፣ ደረሰኝም ተሰጠኝ። ደረሰኙን ሳይ ደስ ያለኝ ነገር!

አስጎብኚው የአካባቢው ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ የማይቸኩል። ድንጋዮቹ 36 ናቸው፣ 32ቱ ላይ ተቀርጿል። አንዱ ላይ ጎራዴ፣ አንዱ ላይ ክብ፣ ሌላው ላይ ቅጠል የሚመስል ነገር። ሰዉ የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ ግራኝ ግን የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ድንጋዮቹ መቃብር ላይ የቆሙ ናቸው፤ ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል። በቁፋሮ የተገኙት አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ወጣቶች ነበሩ። አክስቴ ይህን ስትሰማ «ወይኔ ልጆቼ» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ዕድሜዋን ሙሉ አዲስ አበባ ኖራ ጢያን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ መንገዱ እኮ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

አዳዲ ማርያምን ሳናይ ተመለስን። ሰውዬው ቤት አድርሶን «የቆምኩበት» ብሎ ሌላ ብር ጠየቀ። አክስቴ የመኪናውን በር ድርግም አድርጋ ዘግታ ገባች። እኔ ለጠብ አቅም አልነበረኝም፣ ከፈልኩ።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ነዳጁን፣ የመቆሚያውን፣ የምታዩትን ቦታ ሁሉ በቴክስት አስጽፉ። መኪና ካስጠላችሁም የቡታጅራ ሚኒባስ በጢያ ከተማ በኩል ያልፋል። እዚያ ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ።