ለስላይድሾው ዙምና ፓን የትኛው ይሻላል? ፕሮሾው፣ ካፕካት፣ ሪዞልቭ ወይስ ሾትከት

ጥርና ሚያዝያ ሲቃረቡ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በዳንግላ ፎቶ ቤት ያላቸው የሙያ ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ። የሙሽሮች ፎቶ በስላይድሾው (ፎቶዎች በተከታታይ በሚታዩበት ቪዲዮ) ላይ ደርቆ እንዳይቆም፣ ቀስ እያለ እንዲቀርብ፣ እንዲርቅ (ዙም) ወይም ከዳር እስከ ዳር እንዲሄድ (ፓን) ለማድረግ የትኛውን ፕሮግራም ቢገዙ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። መልሴ ከመነሻው ግልጽ ይሁን፤ ለዚህ ሥራ አንድም ብር ማውጣት አያስፈልግም። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ የያዘ ሰው ሾትከት የተባለውን ነጻ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ይጫን።

በየከተማው በብዛት የሚሸጠው ግን ፕሮሾው ፕሮዲዩሰር የተባለው የስላይድሾው መሥሪያ ነው። በዘመኑ በዙምና በፓን የሚወዳደሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ብዙዎቻችን ሙያውን የተማርንበት በመሆኑም ስሙ እስካሁን ገዢ ያመጣል። አምራቹ ፎቶዴክስ ግን በጥር 2012 ዓ.ም. ተዘግቷል። ስለዚህ ዛሬ በኮምፒውተር ቤት «ሙሉ ቨርዥን» ተብሎ በፍላሽ የሚገለበጠው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ቅጂ ነው፤ ችግር ሲገጥመውም የሚያስተካክለው አምራች የለውም። አንድ የቡሬ ባልደረባዬ ለእንዲህ ያለ ቅጂ 1,500 ብር ከፈለ። የጫነለት ሰው በመጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጠፋበት፤ ጥቂት ቆይቶ በፍላሾቹ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት (ወደ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ምልክት) ብቻ ሆነው ይታዩ ጀመር፣ ለደንበኛ ሊያስረክበው የነበረው ቪዲዮም ኤክስፖርት ሲደረግ መሐል ላይ እየቆመ አስቸገረው። ላፕቶፑን ሳየው ፎቶዎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ስለነበር መመለስ ችለናል። ዊንዶውሱን እንደገና ለማስጫን ግን ሌላ 700 ብር ወጣ። ርካሽ የተባለው ቅጂ 2,200 ብር ፈጅቶ አንድም ስላይድሾው ሳያስረክብ ቀረ ማለት ነው።

ካፕካት የተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ለስልክ ጥሩ ነው፤ ለቲክቶክ የሚሆን የአንድ ደቂቃ ሥራ ከሆነ እኔም አልቃወመውም። ዝግጁ ሆነው የሚመጡት እንቅስቃሴዎች ግን ለአጭር ቪዲዮ የታሰቡ ስለሆኑ ለረጅም የሠርግ ስላይድሾው ይፈጥናሉ፤ በእጅ ማስተካከል የፈለገ ሰው ደግሞ በየፎቶው ላይ ኪፍሬም (የእንቅስቃሴው መነሻና መድረሻ ምልክት) በጣቱ ሲያስቀምጥ ይውላል። ከሁሉም በላይ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የፕሮ ክፍያ የሚጠይቁ ሆነዋል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚፈጸምና በየጊዜው የሚታደስ በመሆኑ፣ ሥራ በሌለበት በክረምትም ገንዘብ ይወስዳል።

ስለ ጥራት ብቻ ቢሆን ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለውን የኮምፒውተር ቪዲዮ ማቀናበሪያ እመርጥ ነበር። በውስጡ ያለው ዳይናሚክ ዙም እንቅስቃሴው በዝግታ ተነሥቶ በዝግታ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ነጻው ቅጂ በቪዲዮው ላይ ምንም ምልክት ሳያትም እስከ 3840 በ2160 ድረስ ያወጣል። ስቱዲዮ የሚባለው የሚከፈልበት ቅጂ 295 ዶላር ነው፤ ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 44,250 ብር ይሆናል። ለዙምና ለፓን ሲባል ይህን ገንዘብ መክፈል ፈጽሞ አያስፈልግም። እውነተኛው ወጪ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፦ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራምና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ከሌለ ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል። ፋይሉን ለማውረድ ብቻ የሚሄደው ዳታም ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ሪዞልቭን ይያዝ፤ የአብዛኞቻችን ላፕቶፕ ግን አይችለውም።

ሾትከት ነጻ ነው፣ ቪዲዮው ላይ ስሙን አያትምም፣ ለ1920 በ1080 ሥራም 8 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ፎቶዎቹን መርጦ ስላይድሾው እንዲያዘጋጅ ሲታዘዝ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይና በስንት ፐርሰንት እንደሚንቀሳቀስ ጠይቆ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሠራል። እኔ ለአንድ ፎቶ 6 ሰከንድና 10 ፐርሰንት እሰጣለሁ፤ ከዚያ ከበለጠ ተመልካቹ ሰውን ትቶ እንቅስቃሴውን ማየት ይጀምራል። ጉድለቱ፣ በዚህ መንገድ ሲሠራ የማን ፊት የት እንዳለ አለማወቁ ነው፤ ስለዚህ ሙሽሪትና ሙሽራው፣ እንዲሁም ወላጆች ያሉባቸውን ፎቶዎች ለይቶ መነሻና መድረሻቸውን በእጅ መወሰን ይገባል። ሌላው የምወድለት ነገር ፕሮጀክቱን በግልጽ ጽሑፍ ማስቀመጡ ነው። ፎቶዎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ተዛውረው ፕሮጀክቱ ሲያጣቸው፣ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቼ አድራሻቸውን በማስተካከል ያለቀ ሥራ አድኛለሁ።

የትኛውም ፕሮግራም ሊጠግነው የማይችለው ግን ትንሽ ፎቶ ነው። ወርዱ 6000 ፒክሰል የሆነ የካሜራ ፎቶ በ1920 ቪዲዮ ላይ ሦስት እጥፍ ያህል ቢቀርብም አይደበዝዝም። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ሥዕሎች ያነሣ ሰው ከሙሉው ግድግዳ ተነሥቶ እስከ አንድ ቅዱስ ፊት ድረስ መቅረብ የሚችለው፣ ወይም የኢንጅባራን ፈረሰኞች ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያስቃኘው ለዚህ ነው። ያው ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ግን ተጨምቆ ስለሚያንስ፣ ገና ሲቀርብ ይፈርሳል። ደንበኞች እንደ ፋይል እንዲልኩ ወይም በፍላሽ እንዲያመጡ መንገር ይገባል።

ሾትከትን ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ እርሱንም በ300 ብር ሲሸጡት አይቻለሁ። ፈቃዱ ማንም እንዲያባዛው ስለሚፈቅድ፣ በአንድ ከተማ ያሉ ፎቶ ቤቶች አንዱ በዋይፋይ አውርዶት ለሌሎቹ በነጻ ሊያካፍል ይችላል። ለክራክ ቅጂ የታሰበው ገንዘብም ላፕቶፑ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ለተጨማሪ ራም ይዋል፤ ኤክስፖርቱ ሲፈጥን ልዩነቱ በመጀመሪያው ሥራ ላይ ይታያል።