ከቦዩ ግርጌ የተላከ ምስጋና

ይህን የምጽፈው የውሃ አባታችንን፣ ማለትም የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉልንን ሰው፣ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ጎጃም ውስጥ በቆጋ መስኖ፣ መራዊ አካባቢ የምታርሱ ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን እንዳልጠራ ራሳቸው ለምነውኛል።

የቆጋ ግድብ የተሠራው ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ነው። ዋናው ቦይ ብቻ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ውሃ እንደ መብራት አይደለም። ላይ በሩ ተከፈተ ማለት ታች ደረሰ ማለት አይደለም፤ ሰዓታት ይፈጃል። የገበሬው ፍላጎት ደግሞ በየቀኑ ይለዋወጣል። ዛሬ ሽንኩርት የተከለ ሁሉ ውሃ ውሃ ይላል። ነገ የመጋቢት ዝናብ ጣል ካደረገ ማንም አይፈልገውም። የተለቀቀው ግን መንገድ ላይ ነው፤ በከንቱ ይፈሳል። ሲያንስ ደግሞ ራስጌ ያለው ያጠጣል፣ ግርጌ ያለነው እንቀራለን።

እሳቸው ማታ ማታ ለየቡድን መሪው ይደውላሉ። ነገ ማን ያጠጣል? ስንት ማሳ? ምን ሰብል? ያንን ይዘው ዋናውን በር ለሚጠብቁት ቀድመው ያሳውቃሉ። የእኛንም ቦይ በር ባንዴ አይበረግዱትም፤ በትንሽ በትንሹ ነው። ባንዴ ሲከፈት ውሃው ቦዩን ሞልቶ ይዘላል፤ ባንዴ ሲጎድል ደግሞ ውሃ የጠጣው የቦይ ዳር ይናዳል። ይህን ለወጣቶቹ ሲያስረዱ በጣም ደስ ይላሉ።

ከሁሉ የማደንቅላቸው የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬያችንን አያያዝ ነው። ኩሬው የተሠራው ሌሊት የሚፈሰው ውሃ ተጠራቅሞ ቀን እንዲያጠጣ ነው። እሳቸው ግን ዝናብ ካሰጋ አፍ እስከ ገደፉ አያስሞሉትም። ገበሬው ዛሬስ ይቅርብኝ ያለው ውሃ ማረፊያ ያገኛል። ፍላጎት ድንገት ሲጨምርም ከግድቡ እስኪደርስ አንጠብቅም፣ ከኩሬው ይሰጠናል።

ዘመዳቸው ራስጌ ያርሳል። ተራ ዘለውለት አያውቁም፤ ይህን ሁላችንም ዓይናችን አይቷል። ዘንድሮ የበጋ ስንዴያችን ፍሬ በሚይዝበት ሰዓት ውሃ አላጣም። እድሜና ጤና ይስጥልን!

በጎጃም መስኖ ያላችሁ ማህበራት፣ አዲስ ውሃ አከፋፋይ ስትመርጡ መጀመሪያ እሳቸው ጋር ላኩት። ማስተማር አይሰለቻቸውም፣ ክፍያም አይጠይቁም። ሲመጣ ግን አመሻሽ ላይ ይድረስ፤ ስልኩ የሚደወለው ያኔ ነው።