የእግዚአብሔር ንግሥና በቅዱሳት መጻሕፍት፦ በአንድ የግል ጥናት ኮርስ ላይ የቀረበ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በድምፅ የተቀዱ ትምህርቶችንና አንድ የመልመጃ መጽሐፍን የያዘ፣ በግላቸው ለሚያጠኑ ሰዎች የተዘጋጀ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርስ ነው። ርእሱ የእግዚአብሔር ንግሥናና ሥልጣን ሲሆን ከኦሪት ተነሥቶ እስከ ዮሐንስ ራእይ ይዘልቃል። አዘጋጆቹ በመግቢያው እንደሚገልጹት፣ የታሰበው ለሰንበት ትምህርት መምህራን፣ ለስብከት ለሚዘጋጁ አገልጋዮችና ጉዳዩን ራሳቸው መመርመር ለሚፈልጉ ምእመናን ነው። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ሰምቼ መልመጃውንም ሠርቼ የደረስሁበት አስተያየት እንዲህ ነው፦ የብሉይ ኪዳኑ ክፍል በዚህ ርእስ ከሰማኋቸው ትምህርቶች ሁሉ የሚልቅ ሲሆን፣ የአዲስ ኪዳኑ ክፍል ግን ኮርሱ ራሱ ቀደም ሲል ያስተማረውን የዘነጋ ነው።

ኮርሱ እንደ ብዙዎቹ መሰል ሥራዎች ከዳዊት ዙፋን አይነሣም። የሚነሣው እስራኤል ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ከዘመሩት መዝሙር ነው፤ መዝሙሩ በዘጸአት 15፥18 የሚቋጨው እግዚአብሔር ለዘላለም እንደሚነግሥ በማወጅ ነውና። ይህ አዋጅ በተሰማበት ጊዜ ሕዝቡ የሚያውቁት ምድራዊ ገዥ ፈርዖን እንደ ነበረ፣ የራሳቸው የሆነ ንጉሥም ርስትም እንዳልነበራቸው መምህሩ በጥንቃቄ ያሳያሉ። ስለዚህም የእግዚአብሔር ንግሥና በዚህ ቦታ የሚሰማው ከባርነት በወጡ ሰዎች አንደበት ነው። ቀጥሎ የሲና ቃል ኪዳን፣ በዛሬይቱ ቱርክ የነበሩት የጥንት ኬጢያውያን ነገሥታት ከገባሮቻቸው ጋር ካደረጓቸው ውሎች ጋር ይነጻጸራል። በእነዚያ ውሎች ውስጥ ንጉሡ በመጀመሪያ የዋለውን ውለታ ያስታውሳል፣ ከዚያ የገባሮቹን ግዴታ ይዘረዝራል፣ ወደ ፍጻሜውም በረከትንና መርገምን ያውጃል። ንጽጽሩ ምሁራንን ሲያከራክር የኖረ ስለ ሆነ፣ መምህሩ ከማብራሪያነት አሳልፈው እንደ ማስረጃ አለማቅረባቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

የኮርሱ ብርታት ጎልቶ የሚታየው መሳፍንትንና ሳሙኤልን በሚያነብበት ክፍል ነው። ጌዴዎን ምድያማውያንን ድል ካደረገ በኋላ ሕዝቡ አንተም ልጅህም የልጅ ልጅህም ግዙን ሲሉት፣ የሚገዛችሁ እግዚአብሔር ነው ብሎ እምቢ ይላል። ይሁን እንጂ ወዲያውኑ ከምርኮው የወርቅ ጉትቻ ይሰበስባል፣ እስራኤልን የሚያስት ኤፉድ የተባለ የክህነት ልብስ ይሠራል፣ ብዙ ሚስቶችን አግብቶ ሰባ ልጆች ይወልዳል። በመጨረሻም ከቁባቱ የተወለደው አቤሜሌክ ወንድሞቹን አርዶ በሴኬም ይነግሣል። ጌዴዎን በቃሉ የመለሰውን ዘውድ በኑሮው እንዳልመለሰው የሚያስረዳው ይህ ንባብ፣ የአንድን መሪ ትሕትና ከንግግሩ ብቻ መመዘን እንደማይቻል ያለ ስብከት ያስተምራል።

አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8 ላይ ስንደርስ መምህሩ ሽማግሌዎቹን አያቃልሉም። ሳሙኤል አርጅቷል፤ ልጆቹ ጉቦ እየተቀበሉ ፍርድ ያጣምማሉ፤ ሽማግሌዎቹም ያነሡት ቅሬታ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የጠየቁት መፍትሔ እንደ አሕዛብ ሁሉ የሚፈርድላቸው ንጉሥ ነበር፤ እግዚአብሔርም በእነርሱ ላይ እንዳልነግሥ የናቁት እኔን ነው ሲል ለሳሙኤል ይነግረዋል። ከዚያ የሚከተለው ማስጠንቀቂያ ረጅም ነው፦ ወንዶች ልጆቻቸው ለሠረገላና ለፈረስ፣ ሴቶች ልጆቻቸው ለቅመማና ለወጥ ቤት፣ ያማረ እርሻቸውና ወይናቸው ለሹማምንት፣ ከእህላቸውና ከመንጋቸው አሥራት ለቤተ መንግሥት ይሆናል፤ በመጨረሻም እነርሱ ራሳቸው ባሪያዎች ይሆናሉ። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ካስነገረ በኋላ የጠየቁትን መፍቀዱ ለብዙ አንባቢ እንቆቅልሽ ነው፤ መምህሩ እንቆቅልሹን ቸኩለው አይፈቱትም፣ ለአድማጩ ይተዉታል። እኔም የተሻለ አካሄድ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ስለ ሰሎሞን የተሰጠው ትምህርት ብቻውን ኮርሱን ለመስማት በቂ ምክንያት ይሆናል። ዘዳግም 17 ንጉሡ ፈረሶችን እንዳያበዛ፣ ስለ ፈረስም ብሎ ሕዝቡን ወደ ግብፅ እንዳይመልስ፣ ሚስቶችን እንዳያበዛ፣ ብርና ወርቅን እጅግ እንዳያከማች ይከለክላል፤ የሕጉንም ግልባጭ ለራሱ ጽፎ ዕድሜውን ሁሉ እንዲያነብበውና ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ ያዝዘዋል። መምህሩ ይህን ካነበቡ በኋላ ያለ ሐተታ አንደኛ ነገሥት 10ንና 11ን ማንበብ ይቀጥላሉ። በአንድ ዓመት 666 መክሊት ወርቅ፣ 1,400 ሠረገሎች፣ 12,000 ፈረሰኞች፣ ከግብፅ የመጡ ፈረሶች፣ 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች እየተከታተሉ ይመጣሉ። የሰሎሞን ክብር መግለጫ መስሎ ይነበብ የነበረው ዝርዝር በዚህ ጊዜ እንደ ክስ መዝገብ ይሰማል። ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት ንጉሡ ስላስገደለው ስለ ኦርዮ፣ ነቢዩ ኤልያስም በንጉሡ በአክዓብ ፊት በግፍ ስለ ተወሰደው የናቡቴ ወይን የተናገሩት ከዚሁ ጋር ሲያያዝ፣ በእስራኤል ንጉሡ ከሕግ በላይ እንዳልነበረ፣ ከእርሱም በላይ ሌላ ዙፋን እንደ ነበረ ግልጽ ይሆናል።

የመዝሙራቱ ክፍል ደኅና ነው፤ ሆኖም ተጠቃሚውን የሚያደናግር የዝግጅት ስሕተት አለበት። እግዚአብሔር ነገሠ እያሉ የሚያውጁት መዝሙራት በድምፁ ትምህርት የሚጠቀሱት በዕብራይስጡ አቆጣጠር ሲሆን በመልመጃው መጽሐፍ ግን በግሪኩ አቆጣጠር ነው፤ በመሆኑም በአንዱ 93 የተባለው በሌላው 92 ነው። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን የሚያትም መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ሰው አይቸገርም፤ ሌላው ግን የተሳሳተ ገጽ ላይ ሆኖ መልስ ሲፈልግ ይቆያል። ኢሳይያስ 6 በጥሩ ሁኔታ ተብራርቷል፦ ሃምሳ ሁለት ዓመት የነገሠውና በኋላ ለምጽ ይዞት በተለየ ቤት የኖረው ዖዝያን በሞተበት ዓመት፣ ነቢዩ ጌታን በረጅምና ከፍ ባለ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ያያል። ዳንኤል ግን ችኮላ ደርሶበታል። ናቡከደነፆር በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ሆኖ በባቢሎን ከታበየ በኋላ እንደ በሬ ሣር መብላቱ ይነገራል፤ ነገር ግን ምዕራፍ 7 ከአራቱ አራዊት ቀጥሎ የሰው ልጅ የሚመስለው ሥልጣንን ሲቀበል የሚያሳይ በመሆኑ፣ ያለ እርሱ ወንጌላትን ማንበብ አስቸጋሪ ስለሚሆን ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

አዲስ ኪዳን ላይ የሚጀምረው ትምህርት አጀማመሩ መልካም ነው። የእግዚአብሔር መንግሥት መቅረቧ በማርቆስ 1፥15 እንዴት እንደ ታወጀ፣ በሉቃስ 4 ዲያብሎስ የዓለምን መንግሥታት ሥልጣን ሲያቀርብ ኢየሱስ እንዴት እንዳልተቀበለው፣ በዮሐንስ 6 ሕዝቡ ሊያነግሡት ሲሹ ለብቻው ወደ ተራራ ፈቀቅ ማለቱ በቅደም ተከተል ይቀርባል። ከዚህ በኋላ ግን ሥልጣን የሚል ርእስ የተሰጠው ትምህርት ይመጣል፤ ኮርሱም መንገዱን የሚስተው እዚህ ነው።

ትምህርቱ የቆመው በሦስት ምሰሶዎች ላይ ነው፦ ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር መሆኑን በሚናገረው ሮሜ 13፣ ሥልጣን ሁሉ በሰማይና በምድር ተሰጠኝ በሚለው ማቴዎስ 28፥18፣ እንዲሁም ዳዊት በሳኦል ላይ እጁን አለማንሣቱን በሚተርከው ታሪክ ላይ። ከእነዚህም መምህሩ የሚደርሱበት መደምደሚያ መሪን የሚቃወም ንጉሡን እግዚአብሔርን ይቃወማል የሚል ነው። ይህን የሚሉት፣ ናታን ዳዊትን ሲገሥጽ በሚያስደንቅ ውበት የተረኩልን እኚሁ መምህር መሆናቸው ያስገርማል። ዳዊት በዋሻው ሳኦልን ከመግደል ተቆጠበ እንጂ ዝም አላለም፤ የልብሱን ዘርፍ ቆርጦ ከወጣ በኋላ በሁሉ ፊት ወቅሶታል፣ እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ ብሎም ተናግሯል። ለንግሥና የተቀባ ሰው ከተግሣጽ ነጻ ቢሆን ኖሮ የሳሙኤል መጻሕፍት ግማሽ ያህሉ ባልተጻፈ ነበር።

ሮሜ 13ም ብቻውን ይህን መደምደሚያ ሊሸከም አይችልም። ጳውሎስ የጻፈው በኔሮን ዘመነ መንግሥት ነው፤ ሹሙንም ለመልካም ነገር የተሾመ የእግዚአብሔር አገልጋይ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ይህም ለሹሙ ክብር የመሆኑን ያህል መመዘኛም ነው። በሐዋርያት ሥራ 5፥29 ጴጥሮስና ሐዋርያት ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባል ማለታቸው፣ በራእይ 13 አውሬው ሥልጣኑን ከዘንዶው መቀበሉ፣ በዘጸአት 1 አዋላጆቹ ሲፓራና ፉሐ የፈርዖንን ትእዛዝ አለመፈጸማቸው ከሮሜ 13 ጎን መቅረብ ነበረባቸው፤ በዚህ ትምህርት ግን አንዳቸውም አልተነሡም። ማቴዎስ 28 ደግሞ ሥልጣኑ ለማን እንደ ተሰጠ በግልጽ ይናገራል፤ ደቀ መዛሙርቱ የተላኩት ሊያስተምሩና ሊያጠምቁ ነው።

ከሁሉ በላይ የጎደለው ዮሐንስ 19 ነው። ኢየሱስ ለጲላጦስ፣ ከላይ ካልተሰጠህ በቀር በእኔ ላይ ምንም ሥልጣን አይኖርህም ነበር ሲለው፣ የጲላጦስ ሥልጣን ከላይ መሆኑም ኃጢአቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛሉ፤ ለአንተ አሳልፎ የሰጠኝ የባሰ ኃጢአት አለበት በማለቱ የጲላጦስን በደል አልሰረዘም። ስለ ሥልጣን የሚያስተምር ሰው ከዚህ ጥቅስ ሊያመልጥ አይችልም። ጥቂት ቆይቶም የካህናት አለቆች ከቄሣር በቀር ሌላ ንጉሥ የለንም ይላሉ። አንደኛ ሳሙኤል 8ን ከዚህ ኮርስ የተማረ አድማጭ ያን ጊዜ የሽማግሌዎቹን ጥያቄ ማስታወሱ አይቀርም፤ ኮርሱ ግን ስለ መስቀሉ የሰጠው ጊዜ እጅግ አጭር ስለ ሆነ ግንኙነቱን አያነሣውም። በማርቆስ 10 የዘብዴዎስ ልጆች በክብሩ በቀኝና በግራው ለመቀመጥ መለመናቸው፣ በምዕራፍ 15 ደግሞ የአይሁድ ንጉሥ ከሚለው ጽሕፈት በታች በቀኝና በግራ የተሰቀሉት ሁለት ወንበዴዎች መሆናቸውም ሳይታይ አልፏል። በመካከል ያለውን፣ የአሕዛብ አለቆች እንደሚሠለጥኑባቸው በእናንተ መካከል ግን እንዲህ አይደለም የሚለውን ቃል መምህሩ ጠቅሰውታል፤ ወዲያው ግን ስለ መሪዎች የግል ጠባይ እንጂ ስለ ሥልጣናቸው አይደለም በማለት አልፈውታል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ክፍሉ ራሱ አያደርግም።

በኮርሱ የራእይ ትምህርት አብዛኛው ጊዜ የአውሬውን ማንነት በመፈለግ ያልቃል። ምዕራፍ 4 እና 5 በችኮላ የሚነበቡ ሲሆን፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለ ይሁዳ አንበሳ ድል መንሣት ለዮሐንስ ሲነግረው ዮሐንስ ያየው ግን የታረደ በግ መሆኑ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተነክቷል። ሃያ አራቱ ሽማግሌዎች አክሊላቸውን በዙፋኑ ፊት መጣላቸው ስለ ሰው ሥልጣን ምን ይላል የሚለው ጥያቄ አልተነሣም። ወልድ መንግሥቱን ለአብ አሳልፎ እንደሚሰጥ የሚናገረው አንደኛ ቆሮንቶስ 15 በጥቅስ ማውጫው ውስጥ እንኳ የለም።

አቀራረቡን በሚመለከት፣ የድምፁ ጥራት ጥሩ ነው፤ የመምህሩ አነጋገርም የረጋ ስለ ሆነ ማስታወሻ ለመያዝ ይመቻል። የመልመጃው መጽሐፍ ደካማ ነው። ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ያነበቡትን መድገም የሚጠይቁ ናቸው፤ የሰሎሞን ሠረገሎች ስንት እንደ ነበሩ ይጠየቃል፣ ጸሓፊው ለምን እንደ ቆጠራቸው ግን አይጠየቅም። ጥያቄ በጽሑፍ ለሚልኩ ተማሪዎች መልስ ይሰጣል የተባለው አገልግሎት በእርግጥ አለ፤ ስለ ሮሜ 13 ላቀረብሁት ጥያቄ የመጣልኝ መልስ ግን ትምህርቱን እንደገና እንዳደምጥ የሚያሳስብ ብቻ ነበር።

ክፍሎቹ ተነጣጥለው ስለሚሰጡ የብሉይ ኪዳኑን ክፍል ብቻ መውሰድ ይቻላል፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ለቡድን ጥናት የሚፈልጉት ሰዎች የመልመጃውን ጥያቄዎች ትተው የራሳቸውን ቢያዘጋጁ ይሻላል። አዲስ ኪዳኑን በተመለከተ ማርቆስ 10ን፣ ዮሐንስ 18ንና 19ን፣ ራእይ 4ንና 5ን ከአንደኛ ሳሙኤል 8 ጋር አቀራርቦ ማንበብ የኮርሱ ሁለተኛ ክፍል ከሚሰጠው የበለጠ ይሰጣል። አዘጋጆቹ እንደገና የሚያሰናዱት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መታረም ያለበት ስለ ሥልጣን የሚናገረው ትምህርት ነው፤ የመዝሙራቱ ቁጥር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።