ሬዲዮ ካሮላይን በ648፦ ፈቃድ አልባዋ የባሕር ጣቢያ ሕጋዊ ከሆነች በኋላ ምን ትመስላለች?

በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የምትኖሩና የመካከለኛ ሞገድ መቀበያ ያላችሁ ሰዎች ቁጥሩን 648 ኪሎ ኸርዝ ላይ ብታደርጉት ሬዲዮ ካሮላይንን ታገኛላችሁ። ጣቢያዋ በዚህ ሞገድ በሕጋዊ ፈቃድ ማሰራጨት የጀመረችው ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የተፈቀደላት ኃይል 1 ኪሎ ዋት ነበር፤ በኋላ ወደ 4 ኪሎ ዋት ከፍ ብሏል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ በሙዚቃ ምርጫ ከብሪታንያ ጣቢያዎች ሁሉ ከምንወዳቸው አንዷ ናት። በሱፎክና በሰሜን ኤሴክስ አቀባበሏ ጥሩ ነው። ለንደን ላይ ግን መቀበያውን በደንብ ለማያስቀምጥ ሰው አትደመጥም፤ ከዚህ በታች ብዙውን ቦታ የሰጠነውም ለዚሁ ነው።

ከየት እንደመጣች ሳያውቁ ዛሬ የምትሰጠውን አገልግሎት መመዘን አይቻልም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ ሬዲዮ ማለት ቢቢሲ ብቻ ነበር። ቢቢሲ ደግሞ ከሸክላ አሳታሚዎችና ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር በነበረው ስምምነት የተነሳ በቀን የሚያጫውተው የሸክላ ሙዚቃ በሰዓት የተገደበ ነበር። አየርላንዳዊው ሮናን ኦራሂሊ የሚያስተዳድረው ዘፋኝ ሥራ በሬዲዮ አልሰማ ሲል አንድ አሮጌ የመንገደኞች መርከብ ወስዶ ግሪኖር በተባለው የአየርላንድ ወደብ ማሰራጫ አስገጠመለት። መጋቢት 28 ቀን 1964 ከፊሊክስቶ ከተማ ማዶ ስርጭቱ ተጀመረ። ያኔ የብሪታንያ የባሕር ክልል ከዳርቻው 3 የባሕር ማይል ብቻ ስለነበር ከዚያ መስመር ውጭ መልሕቅ የጣለን መርከብ የአገሩ ሕግ አይደርስበትም ነበር።

የቴክኒኩ ምርጫም የታሰበበት ነበር። እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት ማሰራጫዎች ተጣምረው 20 ኪሎ ዋት ይሰጡ ነበር። ለመካከለኛ ሞገድ ደግሞ ጨዋማ ውኃ ከየብስ እጅግ የተሻለ የመሬት ሽቦ ነው፤ ሞገዱ የባሕሩን ገጽ ተከትሎ ሲሄድ በደረቅ አፈር ላይ የሚያጣውን ያህል ኃይል አያጣም። በዚህ ምክንያት መርከብ ላይ የተተከለ መጠነኛ ማሰራጫ የባሕር ዳር ከተሞችን ሁሉ ይሸፍናል። ካሮላይን ዛሬም ከዚሁ እውነት ትጠቀማለች። ማሰራጫዋ ኦርፎርድ ኔስ በተባለው የሱፎክ ጠጠራማ የባሕር ዳር ልሳነ ምድር ላይ ስለሆነ፣ ባሕር ተሻግሮ ያለ የኔዘርላንድስ ወይም የቤልጂየም ዳርቻ አድማጭ ያንኑ ያህል ርቀት ወደ እንግሊዝ መሐል ከገባ አድማጭ ይልቅ ጥርት አድርጎ ሊሰማት ይችላል።

መንግሥት መርከቧን መንካት ባይችል ስንቋን አደረቀው። ከነሐሴ 1967 አጋማሽ ጀምሮ የጸናው ሕግ ለባሕር ላይ ጣቢያ መሥራትን፣ ማስታወቂያ መስጠትን፣ ምግብና ነዳጅ ማቅረብን ለብሪታንያ ዜጎች ወንጀል አደረገ። ሌሎቹ ጣቢያዎች ዘጉ፤ ካሮላይን በሁለት መርከቦች ቀጠለች። በመጋቢት 1968 ግን ፖሊስ ሳይሆን ሒሳቡ ያልተከፈለው የጎታች መርከብ ድርጅት ሁለቱንም ስቦ ወሰዳቸው። ፈቃድ የሌለው ጣቢያ እንዴት እንደሚሞት ለማወቅ ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪ በግልጽ ሊከፍለው የማይችል ጣቢያ ለነዳጅ፣ ለመለዋወጫና ለጥገና ሁልጊዜ ያጥረዋል፤ በባሕር ላይ ደግሞ የዘገየ ጥገና በቀጥታ ወደ አደጋ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ይህንኑ ያሳያል። ከሁለቱ አንዷ የነበረችውና ወደ ባሕር የተመለሰችው ሚ አሚጎ የተባለችው መርከብ በመጋቢት 1980 በማዕበል ሰጠመች። በ1983 ሮስ ሪቬንጅ የተባለች የቀድሞ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ተተካች፤ 91 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአንቴና ምሶሶም ተተከለባት። ይህን ያህል ርዝመት የተፈለገበት ምክንያት አለው፦ በመካከለኛ ሞገድ አንድ ሞገድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይረዝማል። አንቴናው ከሩብ ሞገድ በጣም ካጠረ ከማሰራጫው የወጣው ኃይል ሞገድ መሆኑ ቀርቶ በሽቦውና በመሬቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ረጅም ምሶሶ ግን የሚንገላታ መርከብ ላይ ሲቆም ክብደቱ በሙሉ በወጣሪ ገመዶቹና ኤሌክትሪኩን በሚለዩት ኢንሱሌተሮች ላይ ያርፋል። በጥቅምት 1987 ታላቁ አውሎ ነፋስ እነዚህን አዳከማቸው፤ ኅዳር ላይ ምሶሶው ወደቀ። በዚያው ዓመት ብሪታንያ የባሕር ክልሏን ወደ 12 የባሕር ማይል በማስፋቷ መርከቧ ማዕበል ወደሚበረታበት ክፍት ባሕር ለመሸሽ ተገድዳ ነበር። በነሐሴ 1989 የኔዘርላንድስና የብሪታንያ ባለሥልጣናት መርከቧ ላይ ወጥተው መሣሪያዎቿን ነቃቀሉ። የ1990 የብሮድካስት ሕግ ቀሪውን በር ዘጋ፤ በኅዳር 1991 መርከቧ መልሕቋ ተበጥሶ ጉድዊን በተባለው የአሸዋ ደለል ላይ ወጣች፤ ሠራተኞቹን ሄሊኮፕተር አወጣቸው።

ወደ ሕጋዊነት የሄደችበት መንገድ ከዚህ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፤ ለእኛ ግን ይበልጥ የሚደነቀው እሱ ነው። በ1990ዎቹ ቢበዛ ለ28 ቀናት የሚሰጠውን ጊዜያዊ ፈቃድ እየወሰደች ወደብ ላይ ከቆመችው መርከብ አሰራጨች። ቀጥሎ ሳተላይት፣ ከዚያም ኢንተርኔት መጣ፤ በሁለቱም አድማጯን ይዛ ቆየች። ሁለት ነገሮች ባይገጣጠሙ ግን መካከለኛ ሞገድ አይገኝም ነበር። አንደኛው የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚባል፣ ለትርፍ የማይሠራና የተወሰነ አካባቢን የሚያገለግል የፈቃድ ዓይነት በ2004 በሕግ መፈጠሩ ነው። ሁለተኛው ቢቢሲ የዓለም አገልግሎቱን ከኦርፎርድ ኔስ በ648 ማሰራጨቱን በመጋቢት 2011 ማቆሙ ነው። በዚህ ሞገዱም ቦታውም ባዶ ቀረ። የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ኦፍኮም ለሱፎክና ለሰሜን ኤሴክስ የሚሆነውን ፈቃድ በግንቦት 2017 ሰጠ። ፈቃድ ለምትፈልጉ ማኅበራት ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ማመልከቻው የሚያልፈው የትኛው ሞገድ ነጻ እንደሆነ፣ ማንን ሳይረብሽ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ማሰራጫው በማን ቦታ ላይ እንደሚተከል አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነ ነው። የዓመታት ዝና ለዚህ አይተካም።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። ዋናው ቻናል ከ1970ዎቹ ጀምሮ የያዘውን መንገድ አልለቀቀም፤ ከአንድ አልበም ውስጥ የታወቀውን ዘፈን ትቶ ሦስተኛውን ወይም ሰባተኛውን ያጫውታል። አቅራቢዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሸክላውን ያውቁታል፤ ስለ ቀረጻው፣ ስለ ጊታር ተጫዋቹ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግረውህ ዘፈኑን ይለቁታል። የዘፈን መጨረሻ አይቆርጡም። ንግድ ጣቢያዎች በቀን በተደጋጋሚ የሚያሽከረክሩት አጭር ዝርዝር እዚህ የለም፤ ይህን ያህል ሰፊ ምርጫ ቀኑን ሙሉ ማስኬድ ከባድ ሥራ ነው፤ በሚገባም ይሠሩታል። ፍላሽባክ የተባለው ሁለተኛው ቻናል ወደ 1960ዎቹና ወደ ቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት የፖፕ ሙዚቃ ያዘነብላል፤ ለማጀቢያ ጥሩ ቢሆንም ከዋናው ይልቅ ቶሎ ይሰለቻል። ከመርከቧ ላይ በቀጥታ የሚተላለፉት ልዩ ዝግጅቶች ግን ሊያመልጧችሁ አይገባም።

ጉድለቱ ከድምፁ ይጀምራል። በአውሮፓ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ስለሚደረደሩ ከፍተኛው የድምፅ ክፍል ይቆረጣል፤ ስቴሪዮም የለም። የሰው ድምፅ፣ ቤዝና ኦርጋን ሞቅ ብለው ይወጣሉ፤ ጸናጽልና የአኮስቲክ ጊታር ግን ይደበዝዛሉ። ይህ የጣቢያዋ ጥፋት ሳይሆን የሞገዱ ጠባይ ነው።

ለንደን መሐል ከማሰራጫው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያለ ጫጫታ ለመስማት መጀመሪያ የሚረዝመውን የብረት አንቴና እርሱት፤ እሱ ለኤፍ ኤምና ለአጭር ሞገድ ነው። መካከለኛ ሞገድን የሚቀበለው በሬዲዮው ሣጥን ውስጥ በአግድም የተጋደመ ሽቦ የተጠመጠመበት የፌራይት ዘንግ ነው። ዘንጉ በጎኑ ከሚመጣው ሞገድ ብዙ ይቀበላል፤ በጫፉ ከሚመጣው ግን ምንም ያህል አያገኝም። ስለዚህ የሬዲዮው ፊት ወይም ጀርባ ወደ ኦርፎርድ ኔስ፣ ማለትም ከለንደን በሰሜን ምሥራቅና በምሥራቅ መካከል ወዳለው አቅጣጫ ይዙር። ዶይቸ ቬለን ወይም የአሜሪካ ድምፅን በአጭር ሞገድ ስትከታተሉ አንቴናውን መዘርጋት የለመዳችሁ፣ እዚህ መዘርጋቱን ተዉትና ሣጥኑን በራሱ አዙሩት።

ከአሜሪካ የመጣ ዲጂታል ሬዲዮ ሌላ ችግር አለበት። እዚያ ጣቢያዎች በ10 ኪሎ ኸርዝ ስለሚደረደሩ መቀበያው ከ640 ወደ 650 ይዘላል፤ 648 ላይ አይቆምም። ብዙዎቹ ወደ 9 የሚቀየር ማስተካከያ አላቸው፤ ቀይሩት።

ቀጥሎ የቤት ውስጥ ጫጫታ አለ። የስልክ ቻርጀሮች፣ ርካሽ ኤል ኢ ዲ አምፖሎች፣ የኢንተርኔት ራውተርና የቴሌቪዥን የኃይል አቅርቦት ሁሉም በዚሁ ሞገድ ላይ ያሽካካሉ። ሬዲዮውን በባትሪ አሠሩት፤ ከዚያ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከሶኬት ንቀሉ፤ ጫጫታው የጠፋበት ዕቃ ጥፋተኛው ነው። በብረት የተዋቀረ የኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ከሆናችሁ ከመስኮት አጠገብ ካልሆነ በቀር አትልፉ። የመኪና ሬዲዮ ከቤቱ ይሻላል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሞተሩ ራሱ ስለሚረብሽ ብዙ ፋብሪካዎች መካከለኛ ሞገድን ጨርሰው አውጥተውታል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ የሳጥን አንቴና ሥሩ። በየጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ካሬ ላይ 12 ዙር ሽቦ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ጠምጥሙ፤ 30 ሜትር ሽቦ ይበቃል። ሁለቱን ጫፎች ከአሮጌ ሬዲዮ በሚወጣ 365 ፒኮፋራድ ተለዋዋጭ ኮንደንሰር (ጣቢያ ለመምረጥ የሚዞረው ዕቃ) ላይ አገናኙ፤ 648 የሚገኘው ኮንደንሰሩ ወደ 290 ሲጠጋ ነው። ሬዲዮውን በሽቦ ማገናኘት አያስፈልግም። የሳጥኑን ጠርዝ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ አድርጋችሁ፣ ሬዲዮውን ዘንጉ ወደ ሳጥኑ መሐል እንዲያመለክት አጠገቡ አስቀምጡና ኮንደንሰሩን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ድምፁ በአንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ድንገት ይጎላል። ካልጎላ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የተነካኩ ሽቦዎች ወይም የተሳሳተ የዙር ብዛት ነው።

ጀምበር ከገባች በኋላ ያለው ችግር ግን በአንቴና ብቻ አይፈታም። ቀን መካከለኛ ሞገድን የሚውጠው የላይኛው አየር ንብርብር ማታ ስለሚጠፋ ከሩቅ አገር ያሉ ጣቢያዎች ተንጸባርቀው ይደርሳሉ፤ የራሷ የካሮላይን ሞገድም ከሰማይና ከምድር በሁለት መንገድ መጥቶ እርስ በርሱ ይጣላል። ድምፁ ይዋዥቃል፤ ይጣመማል። ለንደን ያለ አድማጭ ማታ ማታ ወደ ኢንተርኔቱ ቢዞር ይሻለዋል፤ በጣቢያዋ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፤ ድምፁም ከሁሉ የጠራ ነው።

በበርካታ የብሪታንያ ከተሞች በዲጂታል ሬዲዮም ትገኛለች፤ መቀበያው ግን ዳብ ፕላስ (DAB+) የተባለውን አዲሱን የዲጂታል ሬዲዮ ዓይነት የሚያነብ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ትውልድ ዳብ መቀበያ የጣቢያዋን ስም ቢያሳይ እንኳ ድምፅ ላያወጣ ይችላል። ስትገዙ ሣጥኑ ላይ የመደመር ምልክት መኖሩን እዩ፤ ከተማ ስትቀይሩም ቃኙን እንደገና አስኪዱት።

ሮስ ሪቬንጅ ከ2014 ጀምሮ በኤሴክስ ብላክዎተር ወንዝ ላይ ቆማለች፤ ጉብኝቶች ሲኖሩ በጀልባ የሚነሣው ከዌስት መርሲ ነው። ቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው፤ ነፋስ ከበረታ ይሰረዛል። መርከቧ ውስጥ ቀጥ ያሉ የብረት መሰላሎች ስላሉ ጉልበት ለሚያማቸው ሽማግሌዎችና ለሕፃናት አንመክርም። ማሰራጫ ክፍሉና ስቱዲዮው ለሬዲዮ ወዳጅ ድካሙን የሚክሱ ናቸው። በመኪና የምትሄዱ ደግሞ የዕለቱን የባሕር ሙሌት ሰዓት ሳታዩ አትነሡ፤ ወደ መርሲ ደሴት የሚያስገባው ብቸኛ መንገድ ሙሌቱ ከፍ በሚልባቸው ቀናት በውኃ ይሸፈናል፤ ጀልባውም አይጠብቃችሁም።