ስክሌራል ሌንስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፦ የስምንት ወር ተጠቃሚ አስተያየት

ኬራቶኮነስ የተባለው የዓይን ሕመም ኮርኒያን፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ እያሳሳ ወደ ፊት እንዲሾጥጥ ስለሚያደርገው፣ ሕመሙ የጸናበትን ሰው መነጽር ብዙም አይረዳውም። እኔ በኮምቦልቻ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ በመብራት ጠረጴዛ ላይ ከሚያልፈው ጨርቅ የተበጠሰ ክርና የዘይት ጠብታ መለየት ስለሆነ፣ አንዱ ክር ሦስት ሆኖ ሲታየኝ ጉዳዩ በቀጥታ የእንጀራዬ ጉዳይ ነበር።

በመጀመሪያ የታዘዘልኝ በኮርኒያው ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ጠንካራ ሌንስ ነው። እይታዬን በማጥራት በኩል እንከን አላገኘሁበትም፤ ነገር ግን የጥጥ ብናኝ ከሥሩ በገባ ቁጥር በመርፌ የተወጋሁ ያህል ስለሚያመኝ፣ በአንድ ፈረቃ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሥራ አቋርጬ አወልቀው ነበር። ስክሌራል ሌንስ ግን ሰፊ ነው፤ የእኔው 16 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ጠርዙ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ስለሚያርፍ ኮርኒያውን ሳይነካ እንደ ጉልላት ይሸፍነዋል፤ በመካከል ያለውን ክፍተትም ሳላይን የሚባል ንጹሕ የጨው ውሃ ይሞላዋል። በእነዚህ ስምንት ወራት በብናኝ ምክንያት አንድም ቀን ከጠረጴዛዬ አልተነሣሁም።

አጠላለቁ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሌንሱን በጎማው መያዣ ላይ አስቀምጬ ሳላይኑን እስከ አፉ እሞላለሁ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ ወለሉ ደፍቼ ከታች ወደ ላይ ወደ ዓይኔ አስጠጋዋለሁ። ጥቂት አየር ከገባ አረፋው እይታዬን ስለሚጋርደው እንደገና መጀመር ግድ ነው። የሠራተኛ ሰርቪሳችን ከደሴ የሚነሣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ወር በብርድ በደነዘዘ ጣት ግማሽ ሰዓት ስታገል ሁለት ጊዜ አምልጦኛል። አሁን አምስት ደቂቃ ይበቃኛል።

ዋናው ቅሬታዬ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከሌንሱ ሥር ያለው ፈሳሽ መደፍረሱ ነው፤ ያን ጊዜ ጨርቁን የማየው የሐረጎን ቁልቁለት በክረምት ጉም እንደሚወርድ ሰው ነው። አውልቆ በአዲስ ሳላይን መሙላት ያስፈልጋል፤ ለዚህም አለቃዬ ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ በፋብሪካው የሕክምና ክፍል እንድጠቀም ፈቅደውልኛል። ይህን ፈቃድ የማያገኝ ሠራተኛ ሌንሱን ከመግዛቱ በፊት ደግሞ ያስብበት።

ሌንሱን የሸጠልኝ ድርጅት በቧንቧ ውሃ ማጠብ ክልክል መሆኑን አለመንገሩ እስካሁን ያሳዝነኛል። በውሃ ውስጥ የሚገኘው አካንታሜባ የተባለ ተውሳክ ኮርኒያን ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል ያወቅሁት በኋላ ከሐኪም ነው። ሌሊት የሚቀመጥበት ፈሳሽም ለመሙያ አይሆንም፤ መሙያው መከላከያ ኬሚካል የሌለበት፣ አንዴ ተከፍቶ የሚጣል ሳላይን መሆን አለበት። ደሴ ውስጥ በጠየቅኋቸው መድኃኒት ቤቶች ስላጣሁት ወንድሜ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይልክልኛል።

ዋጋው ከሁለት ወር ደመወዜ በላይ ቢሆንም አልተቆጨሁበትም። ሌንሱ እይታን እንጂ ሕመሙን አያክምም፤ ስለዚህ ዓይኑ ገና እየባሰበት ያለ ወጣት ከመግዛቱ በፊት፣ የሕመሙን መባባስ ለማቆም ስለሚደረገው ክሮስሊንኪንግ ስለተባለው ሕክምና ሐኪሙን ይጠይቅ።