በመከራ ውስጥ ላሉ ሰዎች የተዘጋጀ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፦ የአንድ ተሳታፊ ግምገማ

ረጅም ሕመም አድክሞኝ በነበረበት ወቅት፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በሐዘን፣ በደዌ፣ በትዳር መፍረስና በሥራ ማጣት ውስጥ ለሚያልፉ ሰዎች ያዘጋጀችውን ሳምንታዊ ጥናት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። ጥናቱ በአነስተኛ ቡድን የሚካሄድ፣ የራሱ የመልመጃ መጽሐፍ ያለውና ክፍያ የማይጠየቅበት አገልግሎት ነው። ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች ምን እንደሚጠብቃቸው አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ ስላመንሁ ይህን ግምገማ ጽፌአለሁ። አንድ ከባድ ቅሬታ ቢኖረኝም አገልግሎቱን ከልቤ እመክራለሁ፤ ዋናው ምክንያቴም ያዘነ ሰው ትምህርት ከመቀበሉ በፊት እንዲያለቅስ የሚፈቅድ መሆኑ ነው።

ይህን በተግባር ያየሁት ልጇን ያጣች አንዲት እናት መጸለይ እንዳቃታት በተናገረች ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ አብዛኞቻችን «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ለማለት እንቸኩላለን። አስተባባሪዋ ግን ምንም ሳትመልስ መዝሙር 88ን ገልጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ ብላ አነበበች፤ ከዚያም መጽሐፉን ዘግታ ዝም አለች። ይህ መዝሙር እንደ ብዙዎቹ የሰቆቃ መዝሙሮች ወደ ምስጋና ሳይመለስ፣ ጩኸቱ ሳይመለስለት የሚያበቃ ነው። እናቲቱ ከቆይታ በኋላ «ይህንስ እኔም ልጸልየው እችላለሁ» አለች። ማብራሪያ ቢሰጣት ኖሮ ይህን የምትል አይመስለኝም።

የጥናቱ ጠንካራ ክፍል ሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት የሚጠናበት ነው። «እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይሰጥም» የሚለው የተለመደ አባባል ብዙ ጊዜ የሚደገፈው በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ነው፤ ያ ክፍል ግን በዐውዱ ሲነበብ የሚናገረው ወደ ኃጢአት ስለሚስብ ፈተና እንጂ በሰው ላይ ስለሚወርድ ሐዘን ሁሉ አይደለም። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥8 በእስያ የደረሰበት መከራ ከአቅሙ በላይ እንደ ነበረና ስለ ሕይወቱ እንኳ ተስፋ እስከ መቁረጥ እንደ ደረሰ በግልጽ ይመሰክራል፤ በቀጣዩ ቁጥርም ይህ የሆነው ሙታንን በሚያስነሣው አምላክ እንጂ በራሱ እንዳይታመን እንደ ሆነ ያስረዳል። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ደግሞ «የሥጋዬ መውጊያ» ብሎ የጠራው ሥቃይ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር፤ መውጊያው እንደ ተወገደለት አልተጻፈም። ሕመሜን መቋቋም ያልቻልሁት እምነቴ ደካማ ስለ ሆነ ነው የሚለውን ክስ ለብዙ ጊዜ ተሸክሜው ስለ ኖርሁ፣ እነዚህ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ሲነበቡ የተሰማኝ እረፍት ትልቅ ነው።

ቅሬታዬ የኢዮብን መጽሐፍ የሚመለከት ነው። መጽሐፉ 42 ምዕራፎች ያሉት ሲሆን፣ መልመጃው የሚያስጠናው የመጀመሪያዎቹን ሁለትና የመጨረሻውን ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ኢዮብ ልደቱን የረገመበት ምዕራፍ 3፣ ከወዳጆቹ ጋር ያደረገው ረጅም ክርክርና እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ የመለሰለት ንግግር ይቀራሉ፤ ለአንባቢው የሚተርፈውም ታጋሽ ሰው ያጣውን እጥፍ ሆኖ ይቀበላል የሚል ታሪክ ነው። ከብቱ እጥፍ መሆኑ እውነት ነው፤ የሞቱት ልጆቹ ግን አልተመለሱለትም፣ ሌሎች ልጆች ተወለዱለት እንጂ። ልጅ የቀበረ ሰው በተቀመጠበት ክፍል ይህን ልዩነት ማለፍ ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ሦስቱ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከኢዮብ ጋር በዝምታ ሲቀመጡ አጽናኞች ነበሩ፤ በ42፥7 የተወቀሱት ግን ስለ እግዚአብሔር ቅን ነገር ስላልተናገሩ ነው፣ ሲጮኽና ሲከራከር የከረመው ኢዮብ ግን ቅን እንደ ተናገረ ተመስክሮለታል። ይህን ፍርድ የሚረዳው ክርክሩን ያነበበ ሰው ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ምዕራፍ 3፣ 19 እና 38 መጨመር ነበረባቸው።

ስለ እድገት የሚናገረው ክፍል ሮሜ 5፥3–5ን መሠረት አድርጎ በጥንቃቄ ተዘጋጅቷል። ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎረንስ ካልሁን የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1996 ከከባድ ጉዳት በኋላ የሚታይን እድገት የሚለካ መጠይቅ ማሳተማቸውን ይጠቅስና፣ እድገትና ሕመም በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ያስረዳል። ይህ ከራሴ ልምድ ጋር ይስማማል፤ ሕመሜ አልለቀቀኝም፣ ነገር ግን ዛሬ የታመመ ሰው ስጠይቅ ምክር ሳላበዛ አጠገቡ መቀመጥ ችያለሁ። በመጨረሻው ስብሰባ እያንዳንዱ ተሳታፊ ስላገኘው ብርታት እንዲመሰክር መጋበዙ ግን አልተስማማኝም፤ ገና በጥልቅ ሐዘን ውስጥ ያሉት የሚባለውን ፈልገው ሲያወጡ ይታይባቸው ነበር። ሰቆቃወ ኤርምያስ ተስፋውን የሚናገረው በመካከለኛው ምዕራፍ ሲሆን፣ የሚያበቃውም በድል ዝማሬ ሳይሆን በልመናና በምሬት ነው፤ ለሐዘንተኛም የዚህ ያህል ነፃነት ሊተውለት ይገባል።

አስተባባሪዎቹ ምሥጢር ጠባቂዎች ናቸው፤ እንቅልፍና ምግብ ለራቀው ወይም ራሱን ለመጉዳት ለሚያስብ ሰው ጥናቱ የሐኪምን ቦታ እንደማይተካ፣ ወደ ሐኪም መሄድም የእምነት ጉድለት እንዳልሆነ በመጀመሪያው ቀን ተናግረዋል። ሐዘኑ ትኩስ ለሆነበት ሰው መልመጃውን መሙላት ሊከብደው ስለሚችል፣ ለጊዜው ተቀምጦ መስማት ብቻ ይበቃዋል፤ ማንም አያስገድደውም። የኢዮብን ክፍል የሚመለከተውን ቅሬታ ለአዘጋጆቹ በጽሑፍ አቅርቤላቸዋለሁ፤ እነርሱም ተቀብለውት ለሚቀጥለው ዙር ክፍሉን እንደገና እንደሚያዘጋጁት ገልጸውልኛል።